ሬዲዮ ያነበበችው ገጽ

ከምሳ በኋላ የስፌት መኪኖቹ ይቆማሉ። ያ ሰዓት የእጅ ሥራ ሰዓት ነው፤ ቁልፍ ይተከላል፣ ጠርዝ ይጠለፋል፣ ትርፍ ክር ይለቀማል። እጅ ሲሠራ አፍ ሥራ ይፈታል፣ ሥራ የፈታ አፍ ደግሞ ሐሜት ይወልዳል። ስለዚህ የክፍሉ ሰዎች ድሮ አንድ ደንብ አውጥተዋል፦ አንዷ መጽሐፍ ታነባለች፣ የእሷን ድርሻ ሌሎቹ ተካፍለው ይሠሩላታል። አንባቢዋን ድምጿ መልካም ስለሆነ ሬዲዮ ይሏታል። ሬዲዮ የሰው ነገር ያወራል እንጂ የራሱ ነገር አለው ብሎ ማን ይጠረጥራል?

እትዬ የሬዲዮ ባል ታላቅ እህት ናቸው፤ የስፌት ቤቱ ጨርቅ ቆራጭና የክፍሉ አዛዥም እሳቸው። ሥራ ያስገቧት እሳቸው፣ የምትኖርበት ግቢ የእሳቸው፣ የቤቷ ትርፍ ቁልፍም እሳቸው ጋ ነው። ጠዋት አብረው ይወጣሉ፣ ማታ አብረው ይገባሉ። ብታስነጥስ ከግድግዳው ማዶ «ይማርሽ» ይሏታል። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑማ ጠልታቸው በተገላገለች። ባሏም ደግ ሰው ነው። ብቻ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ገበያ ሲወጣ ነው።

እሑድ ከሰዓት እትዬ የታመመ ሊጠይቁ ይሄዳሉ፣ ባሏ ኳስ ያያል። በዚያች ቀዳዳ ሬዲዮ አንድ ታሪክ ጻፈች። አንዲት ባለትዳር አለች፤ የተሰበረ መስኮቷን ሊሠራ አንድ ሰው ይመጣል። ሰውየው ማንም ጠይቋት የማያውቀውን ይጠይቃታል፣ እሷም ትመልሳለች፤ በአፏም በገላዋም። ከዚያ መስኮቱን ጨርሶ ይሄዳል። ሰውየው በዚህ ምድር ላይ የለም፤ ከራሷ ያወጣችው ነው። ሴቶች ብቻ የጻፉትን የፍትወት ታሪክ ለሚያሰባስቡ ሰዎች በውሸት ስም ላከችውና አፏን ዘጋች።

ታሪኩ የታተመበትን መጽሐፍ ወደ ክፍሉ ይዛ የመጣችው ጠበቃ ናት። ጠበቃ ያሏት ክርክር ስለምትወድ ነው፤ ዝናብ እየዘነበ «ዘነበ» ቢሏት ማስረጃ ትጠይቃለች። ሬዲዮ ማውጫው ላይ የውሸት ስሟን ስታይ መጽሐፉን ዘጋችው። እትዬ ግን መጽሐፉን ከእጇ ወሰዱት። መጀመሪያ እኔ ልየው፣ ልጆች ያሉበት ክፍል ነው አሉ። ልጆች ያሉት ከሠራተኞቹ አንዷን፣ ሙሽራዋን ነው፤ ካገባች ወር አልሞላትም። እሑድን ቤታቸው አሳድረውት ሰኞ መለሱት፤ አንብቡት፣ ነውር ምን እንደሚመስል እወቁት ብለው።

ሌሎቹ ታሪኮች አለፉ። የሬዲዮ ታሪክ ተራ ደረሰ። ገጹን ገልጣ ጀመረች። ድምጿ እንዳይንቀጠቀጥ ስትጠነቀቅ ዐይኗ ከወረቀቱ እየሸሸ እትዬ እጅ ላይ ይሄድ ነበር። መቀሱ ጨርቁን እየበላ ይሄዳል። ሰውየው መዶሻውን ያስቀመጠበት ቦታ ስትደርስ ቅጠሉን ገለበጠች። ጠየቃት፤ ሴትዮዋም እጁን ይዛ «ቀስ በል» አለችው። መርፌ የሚያነሳ ጠፋ። የእትዬም መቀስ ቆመ። ሬዲዮ እስከ መጨረሻው አነበበችና መጽሐፉን ዘጋች።

መጀመሪያ የተናገረው በክፍሉ ያለው ብቸኛ ወንድ፣ ልብስ ተኳሹ ነበር። ይህን ሴት አልጻፈችውም፣ ሴት እንዲህ አታስብም፣ የሴት ስም የለጠፈ ወንድ ነው አለ።

«ሴት ምን እንደምታስብ ካውያህ ነገረህ?» አለችው ጠበቃ።

ሙሽራዋ ከምትጠልፈው ጠርዝ ቀና ሳትል፣ እንዲህ ብሎ መናገር ይቻላል ወይ ብላ በቀስታ ጠየቀች። ቁልፍ ሲተክሉ ያረጁት እማማ ሳቁ። ጸሐፊዋ ስለ ሴቲቱ አንድም አልዋሸችም፣ የዋሸችው ስለ ወንዱ ነው፤ እንዲህ የሚጠይቅ ወንድ የት ይገኛል አሉ። ሬዲዮ ልታቅፋቸው ምንም አልቀራት።

ጠበቃ ግን አልወደደችውም። የሚያናድዳት ነውሩ እንዳልሆነ ተናገረች፤ ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ካወቀች በኋላ እዚያው ቤት መቀመጧ ነው። መስኮት አሠርታ በሩን ረሳችው አለች። ይቺ ቃል ለሬዲዮ ከስድብ በላይ ነበረች። መልስ ነበራት፤ በማን አፍ ትመልሰው?

በመጨረሻ እትዬ ተናገሩ። «ባል እያላት እንዲህ የምትመኝ ሴት፣ ሰውየው ባይኖርም ወስልታለች።»

ክፍሉ ተቀበለ። እትዬ ከቆረጡ ወዲያ ማን ይሰፋል? ሬዲዮም እንደ ሌሎቹ ራሷን ነቀነቀች። የገዛ አንገቷ አስጠላት።

ሥራ ሲያበቃ እትዬ ጨርቅ አጣጥፊልኝ ብለው አስቀሯት። ሌሎቹ ወጡ፤ ተኳሹም ካውያውን ነቅሎ ሄደ። እትዬ በሩን ገፋ አድርገው ተመለሱና መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። መዶሻው የተቀመጠበት ገጽ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቅጠል ከሥሩ ተቆርጧል። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ አቆራረጥ ነው። እንዲህ የሚቆርጥ እጅ በክፍሉ ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

«ያቺ ሙሽራ እንዳትሰማው እሑድ ዕለት ቆርጬ አወጣሁት» አሉ እትዬ። ከሽርጣቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ገጹ እዚህ ነው። አንቺ ዛሬ ከየት አነበብሽው?»

ዐይኗ እትዬ ላይ ሆኖ፣ የሌለውን ገጽ በቃሏ እንዳነበነበችው ለሬዲዮ አሁን ገባት። ሰውየው የለም ብትል ማን ያምናታል? አለ ብትልም ያው ነው። ባሏ በዐይኗ መጣ፤ ቀጥሎ ሻንጣዋ፤ ቀጥሎ ምንም።

«ለወንድሜ አልነግርም» አሉ እትዬ።

ሬዲዮ እግዜር ይስጥልኝ ልትል አፏን ስትከፍት ወረቀቱን አየችው። እሑድ የተቆረጠ አይመስልም። ታጥፎ ሲዘረጋ፣ ተዘርግቶ ሲታጠፍ እጥፋቱ እንደ አሮጌ ጨርቅ ለስልሷል። የእትዬ ባል ሲሞት ሙሽራዋ ገና አልተወለደችም ነበር።

«ሰውየው ለምን ሄደ?» አሉ እትዬ። ድምፃቸው የአዛዥ አልነበረም።

«ታሪኩ… እንደዚያ ነው፣ እትዬ።»

«አይሆንም። ሰውየውን መልሺው። ጻፊና መጀመሪያ ለእኔ አንብቢልኝ። መሳሳት ካለብሽም እኔ ላርምሽ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አይሰጥም።» ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እሑድ እሑድ የታመመ መጠየቁን እተወዋለሁ። አጠገብሽ ቁጭ እላለሁ።»

በታሪኩ ውስጥ ያለችው ሴት በዚህ ጊዜ የምትለው ሁለት ቃል ነበራት፤ «ቀስ በል»። ሬዲዮ ሁለቱንም በቃሏ ታውቃቸዋለች፤ የጻፈቻቸው እሷ ናት።

ያለችው ግን «እሺ፣ እትዬ» ነው።

እትዬ መብራቱን አጠፉ። እንደ ሁልጊዜው አብረው ወጡ።