የመስኮቱ ክስ

ልብስ ሰፊዋ ክስ ማለት ሰው ፊት ቆሞ መሳደብ፣ ዳኛ ማለት ደግሞ አብሮ የሚሳደብላት ሰው ይመስላት ነበር። ምን ታድርግ! ጎረቤቷ አናጺው ጣውላዬ እንዳይረጥብ ብሎ ልክ መስኮቷ ፊት የቆርቆሮ ጣሪያ ዘረጋና በጠራራ ፀሐይ ክፍሏን አጨለመባት። ብትለምነው «እሺ እትዬ፣ ነገ አነሳዋለሁ» አላት። ነገው ሦስት ወር ሆነ።

ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ግን ስድቧን ሁሉ ሰምቶ አንዱንም አልጻፈው።

«እትዬ፣ ‹ይህ ዓይነ ደረቅ› ተብሎ አይጻፍም። እርስዎ ከሳሽ፣ እሱ ተከሳሽ። ምን አደረገ፣ ምን ጎዳዎት፣ ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ፤ ይኸው ነው። መጥሪያ ይደርሰዋል፣ መልስ ይሰጣል፣ ከዚያ ዳኛ ፊት ትቀርባላችሁ። መጎዳትዎን የሚያስረዱት ግን እርስዎ ነዎት።»

«ምኑን ነው የማስረዳው? አይታይም እንዴ!»

«ለእርስዎ ነዋ የሚታየው።»

መጥሪያው የደረሰው ዕለት አናጺው ከተፍ አለ። ሊጨቃጨቅ እንዳይመስላችሁ፤ ኮት ሊያሰፋ ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ አያውቅ፣ ምን ይልበስ? በሰፈሩ ደግሞ ሌላ ልብስ ሰፊ የለም። ደሟ ቢፈላም ሜትሯን አንስታ ለካችው፤ በዚያው ጨለማ ክፍሏም ሰፋችለት።

ቀጠሮው ደረሰ። አናጺው ጥቁር ኮቱን ለብሶ ዳኛዋ ፊት ሲቆም በአዳራሹ ትልቅ መስኮት የገባው ፀሐይ አረፈበት። ልብስ ሰፊዋ አየችና ክው አለች። ጥቁሩን ኮት ከትከሻ እስከ ክንድ በሰማያዊ ክር ሰፍታዋለች! አርባ ዓመት መርፌ የያዘች ሴት! አዳራሹ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ደንበኛዋ ነው። ዝም ብትል ማንም ልብ አይለው፤ ብትናገር ጉድ መባሏ ነው።

«ክብርት ዳኛ» አለ አናጺው፣ «ክፍሉ ብርሃን አለው። እትዬ በምን እንደተጎዱ እንጃ።»

«ይኸው ጉዳቴ!» ሳታስበው አመለጣት። «ለብሶት ቆሟል። ጥቁር ኮት በሰማያዊ ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አናጺው እጅጌውን አገላብጦ አየና ድንገት ብልጥ ሆነ።

«ታዲያ ይሄ የብርሃን ነው የዓይን? እትዬ አርጅተዋል እኮ! ጣሪያዬ ምን አጠፋ?»

ሳቁ ቆመ። ሦስት ወር ሙሉ ክሩ መርፌ ውስጥ አልገባ ባላት ቁጥር የፈራችው፣ ለልጇ እንኳን ያልነገረችው ይህንኑ ነበር። ጣሪያው ተነስቶም ጨለማው ባይለቃትስ? ዓይኗ ካለቀ ምን ሠርታ ልትበላ ነው?

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጥያቄው ተገቢ ነው። መርፌ ይዘዋል?»

ልብስ ሰፊ መርፌ አጥታ! ከደረቷ ነቅላ ወደ መስኮቱ ሄደች። የክሩን ጫፍ በምላሷ አረጠበች፣ መርፌውን ወደ ፀሐይ አነሳች። ገባ። በአንዴ! አላመነችም፤ አወጣችና ደግማ አስገባች። ደግሞ ሦስተኛ። ከዚያ እንባዋ መጣ።

ዳኛዋ ውሳኔውን አነበቡ፣ መዝገቡ ተዘጋ፣ ሰዉ እየተንጫጫ ወጣ። እሷ አሁንም መስኮቱ ሥር ቆማ ክሩን ታስገባለች፣ ታወጣለች።

«ምን ተባለ?» አለችው አናጺውን።

«ተፈረደብኝ። በአምስት ቀን ውስጥ አፍርስ ተባልኩ።»

«ዓይኔ ደህና ነው!» አለችው፣ የነገራትን የሰማችም አትመስል። «ዓይኔ እኮ ደህና ነው፣ አንተ! በል ያንን ኮት አውልቅና ወዲህ በለው።»