ቁጥር የሌላቸው ኮቶች

«ወንዶቹ ኮት፣ ሴቶቹ ጥቁር ቀሚስ። ጫማም የተወለወለ ይሁን» አሉ ዳኛው፣ የቡና ስኒያቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው። «የእሁዱ ቅዳሴ የእሷ መታሰቢያ ነው። እኛ ካቶሊኮች ሥርዓት አለን። እግዚአብሔር ቤት እንደ ገበያ ዘው ተብሎ አይገባም።»

ለቅሶ የተቀመጠው ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ተስማማ። ፔርሙዝ ይዛ ቡና የምትቀዳው ሚጡም «እውነት ነው» አለች።

ሚጡ ስትባል ትንሽ ልጅ እንዳትመስላችሁ። አርባ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራት፤ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሻጭ ናት። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ እናቷን ከቀበረች ደግሞ ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። የለበሰችው ጥቁር ሸሚዝ የአክስቷ ነበር፤ ሰፍቷታል፤ ኮሌታው ከኋላ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሳያየው የቀረ ሰው አልነበረም። ግን ሐዘንተኛን «ኮሌታሽ ታጥፏል» ብሎ የሚነካ ማን አለ?

«ነፍሷን ይማርና ደግ ሴት ነበረች» ቀጠሉ ዳኛው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የቁምስናው ምክር ቤት ሰብሳቢ ስለሆኑ ግን አሁንም ሲናገሩ ሰው ችሎት እንደገባ ጸጥ ይላል። «ትንሽ ዝንጉ ነበረች እንጂ። የኔን ኮት ለግንበኛ አልብሳ ቅዳሴ የላከችው እኮ እሷ ናት!»

እጅ አፍ ላይ ተደርጎ ተሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት ሲረዝም የሚመጣ፣ ደረትን ቀለል የሚያደርግ ሳቅ ነው። ሚጡ ግን ፔርሙዙን እንደያዘች በቆመችበት ደረቀች። ሃያ ዓመት ሙሉ የሸሸችው ወሬ እናቷ ሞታም እቤቷ ድረስ መጥቶ ቡና ይጠጣል።

እናቷን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ ኮሌታ» ነበር የሚላት። ከመንገዱ ማዶ፣ ከመኖሪያቸው ፊት ለፊት ላውንድሪ ቤት ነበራት። ልብሱን ሊወስድ የመጣ ሰው ሰላምታው ሳያልቅ እጇ አንገቱ ጋ ይደርሳል። ኮሌታውን ታቃናለች፤ በመዳፏ ትከሻውን መታ መታ ታደርግና «አሁን ሂድ፤ ሰው መስለሃል» ትላለች። ለፖሊሱም፣ ለመንገደኛውም፣ ለቄሱም ያው ነው። አባ አንድ ጊዜ በስብከታቸው «ያላችሁን ለብሳችሁ ኑ፤ እግዚአብሔር ልብስ አይመለከትም» ቢሉ፣ ከቅዳሴ በኋላ ኮሌታቸውን እያቃናች «እሱን የነገሩን እኮ የወርቅ ጥልፍ ለብሰው ነው፣ አባ» አለቻቸው። አባ ራሳቸው ሳቁ።

ሚጡ ግን ይህን እጅ አትወደውም ነበር። ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ጓደኞቿ እያዩ፣ ኋላም አዋቂ ሆና እንግዳ ፊት፣ እጁ ሲመጣ አንገቷን ታሸሻለች። በመጨረሻው ሳምንት እንኳ፣ እናቷ ሆስፒታል ተኝታ፣ ያ የከሳ እጅ ከአንሶላው ተነስቶ ወደ አንገቷ ሲመጣ፣ ሚጡ ሥራ ረፍዶባት ነበርና አየር ላይ ያዘችው። «ተይ እማ፣ ትደክሚያለሽ» ብላ መልሳ አስተኛችው።

ዳኛው ተነስተው ሲሄዱ ሌላውም መውጣት ጀመረ። አትክልት ሻጯ በሩ ጋ ስትደርስ ወደ ሚጡ ጠጋ አለች።

«እግዜር ያጥናሽ የኔ ልጅ… ሱቁ ቅዳሜ ይከፈታል?»

«የቱ ሱቅ?»

«የእናትሽ።»

«እትዬ፣ እናቴ እኮ ሞታለች» አለች ሚጡ።

ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ ወጣች። በማግስቱ የመጋዘኑ ዘበኛ መጥቶ ቡናውን ጨርሶ፣ ሲወጣ በሹክሹክታ ያንኑ ጠየቀ። ከሰዓት በኋላ አንድ ተሸካሚም እንዲሁ። ሚጡ ወደ ጓዳ ገብታ ለአክስቷ ነገረቻት።

«ኧረ ጉድ! አፈሩ ሳይደርቅ!» አለች አክስቷ፣ ስኒ እያለቀለቀች። «ምን ረስተው ነው? ካልሲ? ለዘበኛው ንገሪው፤ እህቴ ካልሲህን ለጳጳሱ አልብሳዋለች በይው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሁለቱም አለቀሱ። አክስቷ እጇን አድርቃ «እኔን የሚገርመኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንዲት ቁልፍ ብትወድቅ የማን ኮት እንደሆነች በጨለማ ዳብሳ የምታውቅ ሴት፣ ያን ኮት እንዴት ተሳሳተች?»

ሚጡም ሃያ ዓመት ሙሉ የጠየቀችው ይህንኑ ነው።

ያኔ ገና ተማሪ ነበረች። ሰዉ ለቅዱስ ቁርባን ተሰልፎ ዳኛው ከግንበኛው ጀርባ ቆመዋል። ግንበኛው ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሷል። ዳኛው እጅጌው ላይ ሲጋራ የበላትን፣ ሚስታቸው በጥቁር ክር የጠቀመቻትን ቦታ አዩ። «ይሄ ኮት የኔ ነው!» አሉ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ድምፃቸው ጣራ ደረሰ። ግንበኛው አልተከራከረም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ። ከሥር የለበሰው ካናቴራ ትከሻው ላይ ተቦትርፎ፣ ኖራ እንደነካው ነበር። ኮቱን ገበሩ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ተጠንቅቆ አጠፈውና ለባለቤቱ ሰጠ፤ ሳይቆርብ በወንበሮቹ መሀል አልፎ ወጣ። ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ተከተለችው።

«ሌባ» የምትለው ቃል ከአንድ ወንበር ወደ ሌላው መዝለል ስትጀምር እናቷ ተነሳች።

«ሰውየው ምንም አላጠፋም! ስህተቱ የኔ ነው። የራሱን ኮት ለእጥበት ሰጥቶኝ ሳስረክበው የዳኛውን ሰጠሁት። ተደባለቀብኝ።»

«እንዲያ ከሆነ ሱሪዬንስ ለማን ሰጠሽው?» አሉ ዳኛው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በሳቅ ተናጋ።

ከዚያ በኋላማ ምን ይወራል። «ለኮሌታ ልብሱን የሰጠ፣ ሰው ላይ ያየዋል» ተባለ። ባለ ኮቶቹ አንድ በአንድ ሌላ ቦታ ሄዱ። ሚጡ በዚያው ዓመት ትምህርቷን ትታ ሥራ ገባች። «እንዴት ተሳሳትሽ?» ስትላት እናቷ ካውያዋን ሳታቆም «ሰው አይደለሁ? ተሳሳትኩ» ትላለች። ከዚያ ዝም። ያ ዝምታ በሁለቱ መካከል እንደ ሦስተኛ ሰው አብሯቸው ሲኖር ኖረ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሚጡ ቁልፉን አንስታ መንገዱን ተሻገረች። ሰዎቹ የሚሉት ልብስ ካለ አውጥታ ልትሰጣቸውና ሱቁን ለሁልጊዜ ልትዘጋው ነው። ውስጡ የሳሙናና የእንፋሎት ሽታ አለው። በፊት ለፊት የተንጠለጠሉት ጥቂት ልብሶች ሁሉ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ተይዛባቸዋለች። እናቷ ቁጥር ያልያዘ ልብስ እንኳን ልታጥብ ወደ ሱቁም አታስገባም ነበር።

ከማሽኑ ጀርባ መጋረጃ አለ። ስትገልጠው ኮቶች፣ ሸሚዞች፣ ጥቁር ቀሚሶች፣ ከሥራቸው የተወለወሉ ጫማዎች በየልካቸው ተደርድረዋል። ሁሉም የተተኮሱ ናቸው። አንዱም ቁጥር የለውም።

«የጓሮው በር ነበር የሚከፈተው» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ። «በፊት ለፊት አንመጣም።»

ግንበኛው ነው። አርጅቷል። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ደፉ ላይ ቆሟል።

«ይግቡ፣ ጋሼ» አለች ሚጡ።

«ይግቡ» የተባለው ማን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም። እንደ ማፈር ብሎ ገባ።

«ይህ የማነው?» አለችው፣ ወደ ኮቶቹ እያመለከተች።

«የማንም። የሁላችንም። ቅዳሜ ማታ የሌለው ይወስዳል፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይመልሳል። እሷ አጥባ ታንጠለጥለዋለች።» ባርኔጣውን በእጁ አዞረ። «እኔ ነኝ ያስጀመርኳት። ልጄ ክርስትና ሊነሳ እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነበር ቅዳሴ የምሰማው። አየችኝ። ‹ምነው አትገባም?› አለችኝ። ‹እንዲህ ሆኜ?› አልኳት። ደግሞም ለወጉ ያህል ‹እግዚአብሔር ልብ ነው የሚያየው፤ ከዚህም ያየኛል› አልኩ። ‹እሱማ ያያል› አለችኝ፤ ‹አጠገብህ የሚቀመጠው ሰው ግን እግዚአብሔር አይደለም።›»

ሚጡ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ታዲያ አልተሳሳተችም።»

«እሷ? ኮት? እኔ እኮ ኮት ኖሮኝ አያውቅም፣ የኔ ልጅ። ምን ይደባለቃል?» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «በእርግጥ የሰው ንብረት ነበር። ሳትጠይቅ መስጠቷ ጥፋት ነው፤ ራሷም ታውቀው ነበር። ከዚያ ወዲህ እየገዛች ነው ያንጠለጠለችው። ‹ተውሼ ነው› ብዬ እንዳልናገር ግን በዓይኗ ከለከለችኝ። ያን ቀን ሌሎችም እሷ ያዋሰቻቸውን የደንበኛ ልብስ ለብሰው ተቀምጠው ነበር።»

ወደ መጨረሻው መስቀያ ሄዶ ሰፊ ትከሻ ያለው ግራጫ ኮት ዳሰሰ። «ይሄን ለኔ ብላ ነው የገዛችው። ስንት ጊዜ ‹ና፣ ልበስና ግባ› አለችኝ። እምቢ አልኳት። ያን ቀን ካወለቅኩ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑን ደፍ አልረገጥኩም። ነገ ግን ለሷ ነው። ለብሼ እገባለሁ፤ ቅዳሴው ሲያልቅም ተነስቼ እውነቱን እናገራለሁ። ዝንጉ አልነበረችም እላለሁ። ስሟን አጸዳላታለሁ።»

ሚጡ ይህን ቃል የምትፈልገውን ያህል በዕድሜዋ ምንም ነገር ፈልጋ አታውቅም። ዳኛው ሲሰሙት፣ ያ ሁሉ የሳቀ አፍ ሲዘጋ ታያት። «አዎ፣ ይናገሩ!» ልትል አፏን ከፈተች።

የጓሮው በር ተንኳኳ። አትክልት ሻጯ ናት። ሚጡን ስታይ ደንግጣ ልትመለስ ነበር፤ «ግቢ እትዬ፣ ክፍት ነው» አለቻት። ሴትየዋ ቀሚሷን ታውቀዋለች፤ በቀጥታ ሄዳ አወረደችው። ለብሳ ከመስታወቱ ፊት ስትቆም ወገቧ ቀና፣ አገጯ ከፍ አለ። ዘበኛው መጣ። ተሸካሚው መጣ። ሁሉም አጎንብሰው እየገቡ፣ ቀና እያሉ በመስታወቱ ፊት ያልፋሉ። ማንም ሌላው የወሰደውን አያይም፤ ላለማየት ሲሉ ሁሉም ጣራ ጣራውን ያያሉ። ሚጡ እጅጌ እየሰበሰበች፣ መርፌ በጥርሷ ይዛ፣ ነገን አሰበች። ግንበኛው ከተናገረ የእናቷ ስም ይጸዳል። ከዚያ ግን እያንዳንዱ ዓይን ከአጠገቡ የተቀመጠው ሰው እጅጌ ላይ የተጣፈ ቦታ ሲፈልግ ይውላል።

ሌሎቹ ሲሄዱ ግራጫውን ኮት ለግንበኛው አለበሰችው። እጁ ላይ ረዝሟል፤ እርጅና ሰውየውን አኮስሶታል። ወደ ውስጥ አጥፋ ጠቀመችለት።

«ጋሼ» አለች፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «ነገ ምንም አይናገሩ።»

«ስሟስ?»

«እሷ ችላው ኖራለች።» መርፌውን ወደ ቦታው መለሰች።

እሁድ ጠዋት ዳኛው በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆመው የሚገባውን ሁሉ ከራስ እስከ ጫማ እያዩ በደስታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ተሸካሚው ገባ፤ ዘበኛውም ገባ። «እንዲህ ነው እንጂ! ሙታንን ማክበር እንዲህ ነው» አሏቸው። ሚጡ ያንኑ የአክስቷን ሸሚዝ ለብሳ ከግንበኛው ጎን ደረጃውን ወጣች። የዳኛው ዓይን ግራጫው ኮት ላይ ቆመ።

«አሃ! ዛሬ ደግሞ የማን ኮት ነው?» አሉ ጮክ ብለው፤ ለራሳቸው ቀልድ መሆኑ ነው። ደረጃው ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ ሳቀ።

የግንበኛው እጅ ሳያስበው ወደ ቁልፉ ሄደ። የላይኛውን ፈታ።

ቃሉ ሁሉ የሚጡ አፍ ላይ መጣ። እናቴ ዝንጉ አልነበረችም። በሩ ውስጥ አትክልት ሻጯ በጥቁሩ ቀሚስ ቆማ ነበር፤ አልዞረችም፤ ጀርባዋ ብቻ እንደ ጆሮ ይሰማል።

«የኔ ስህተት ነው፣ ጋሽ ዳኛ» አለች ሚጡ። «ትናንት ሱቁን ከፍቼ ልብስ ሳስረክብ ተደባልቆብኝ ይሆናል። በእናቴ ወጥቼ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ታዲያ በማን ትወጪ!» ብለው ዳኛው ከት ብለው ሳቁና ገቡ። ሰዉም ተከትሏቸው ገባ። የአትክልት ሻጯ ጀርባ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሄደ።

ደረጃው ላይ ሁለቱ ቀሩ። ግንበኛው የፈታውን ቁልፍ መልሶ ቆለፈ። ቀድሟት የሚገባ መስሏት መንገድ ለቀቀችለት፤ እሱ ግን ወደ ኋላዋ ዞረ። ኖራ የሰነጣጠቀው ጣቱ አንገቷ ላይ አረፈ፤ ከለቅሶው መጀመሪያ ጀምሮ ወደ ውስጥ ታጥፎ የቆየውን ኮሌታ አወጣና አቃናው። ከዚያም በመዳፉ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ሚጡ አንገቷን አላሸሸችም።