ያልተደፋው እርሾ

ረሺዳ በኤምሬትስ፣ አል ዓይን ከተማ ውስጥ ከሰው ቤት ወጥታ የላብራቶሪ ጽዳት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። በረኪና ካገኘች የማታነጣው ነገር የለም። አንድ ነገር ብቻ አንጀቷ አይችልም፤ እርሾ መድፋት። ወሎ ሳለች የሊጥ ዕቃ ተሟጦ ሲታጠብ ካየች ያ ቤት የተፈታ ይመስላት ነበር።

ላብራቶሪው ውስጥ ሕሊና የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ከጨርቅ ማቅለሚያ ቤት ቦይ ያወጣቻቸውን ባክቴሪያዎች በጠርሙስ ታራባለች። እነዚህ ጉዶች ቀለም ይበላሉ፤ ሰማያዊ ፍሳሽ ሲሰጧቸው በሦስት ቀን ያጠሩታል። ይህንን በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ለአስተማሪዋ ካላሳየች ትምህርቷም የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማም አበቃ።

ዓርብ ዕለት አዲስ ጠርሙሶች አዘጋጅታ አሮጌዎቹ እንዲደፉ ለረሺዳ ነገረቻት። ከሲንኩ በላይ የተለጠፈው ወረቀትም «ሁሉም ይደፋ» ይላል። ረሺዳ አምስቱን ደፋች። ስድስተኛው ላይ እጇ እምቢ አላት፤ አረፋውም ሽታውም ያው እርሾ ነው። ከሥሩ አንድ ጣት ያህል አስቀርታ ከመጥረጊያዎቹ ኋላ ወሸቀችው። ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ጠርሙስ ሳትደፋ ቀርታ መባረሯን ግን አልረሳችም።

ሰኞ ስትገባ ሕሊና ወለሉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጠርሙሶቹ የሚቀመጡበት ማሞቂያ ሣጥን ተበላሽቶ አዲሶቹን በሙሉ ቀቅሏቸዋል። ረሺዳ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ኮሪደሩን ጠረገች፤ የጠረገችውን መልሳ ጠረገች። በመጨረሻ ወደ ሕሊና ተመለሰች።

«የኔ እናት፣ አትቆጪኝ» አለች ጠርሙሱን አውጥታ። «እርሾ መድፋት አልሆነልኝም።»

ሕሊና አልተቆጣችም፤ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ተቀበለቻት። ያንኑ ዕለት የባክቴሪያዎቹን ምግብ ጨምራ ከሰማያዊው ፍሳሽ ጋር ቀላቀለችው። ማክሰኞ ሰማያዊ፤ ረቡዕም ሰማያዊ። ረሺዳ በመወልወል ሰበብ እየገባች ታየዋለች፣ ዱዓም ታደርጋለች።

ሐሙስ ጠዋት ውሃው ጠርቶ ጠበቃት። ባልዲዋን ገልብጣ ላዩ ላይ ተቀመጠች።

አስተማሪው ይህ ጠርሙስ ከየት እንደተገኘ ሲጠይቅ ሕሊና ሳትደብቅ ተናገረች። ረሺዳ ያቺን የተባረረችውን ሠራተኛ አሰበች። ሰውዬው ግን ጠርሙሱን አይቶ፣ እሷን አይቶ፣ በእጁ የሲንኩን ወረቀት ገነጠለ።

ከሰዓት አዲስ ወረቀት ተለጠፈ፤ ከእንግሊዝኛው ሥር ሕሊና በአማርኛ ጽፋበታለች፦ «ሲደፋ ከሥሩ አንድ ጣት ይቅር። ምን ያህል እንደሆነ ረሺዳን ጠይቁ።»

ረሺዳ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የወረቀቱን ጥግ በአውራ ጣቷ ተጭና አጣበቀችውና መወልወያዋን አነሳች።