የታጠበው ቅል

ጦርነቱ ባበቃ በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ሦስት ቀን ጥሎ ቀረ። የሚጠመድ በሬ አልነበረም፤ ሁለቱም ወገን ተፈራርቆ አርዶ በልቶታል። ሰው በመቆፈሪያ ቧጥጦ የእርዳታውን ማሽላ ዘራ። ማሽላው ሰው አክሎ ቆመ፤ ፍሬ ሳይዝ ደረቀ።

«የእትዬ ማሽላ ቢኖር በሰባ ቀን ይደርስልን ነበር» ይላል ሰው። ይህን በሰማ ቁጥር ቁጥቡ አንገቱን ይደፋል።

እትዬ ጎረቤቱ ናቸው፤ ባልቴት። በጦርነቱ ሲሰደዱ የአጭሩን ማሽላቸውን ዘር በቅል ሞልተው ለእሱ ሰጡ፤ «ከአንተ እጅ አንዲት ፍሬ አትባክንም» ብለው። ቁጥቡ የሚለውን ስም ያወጣለት ቆጣቢነቱ ነበር። መንገዱ በተዘጋ በሦስተኛው ወር ዘሩን ቀቅሎ ለልጆቹ አበላ፤ ራሱም በላ። እትዬ ሲመለሱ ባዶውን ቅል አስረከበ።

«ነቀዝ ጨረሰው፣ እትዬ።»

ወደ ቅሉ ውስጥ አዩ፤ ወስደው ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ ወዲህ እርሻው ሌላ ሆነ። ገንዘብ ያለው ሞተር ገዝቶ ከወንዙ ውሃ ሳበ፤ ሽንኩርት ተከለ። የሌለው የሰው ሽንኩርት አራሚ ሆነ። ለመንደሩ ዘር ያበድሩ የነበሩት እትዬም ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ቁጥቡ ያን ጀርባ ላለማየት መንገድ ይቀይራል።

በአምስተኛው ዓመት፣ በእሳቸው የድሮ ማሳ ላይ በተቆፈረው ምሽግ ዳር፣ ፈንጂ ይኖራል ተብሎ ሰው በማይረግጠው ቦታ፣ አንገታቸውን የሰበሩ ሦስት ቀያይ የማሽላ ዛላዎች አየ። አወቃቸው፤ የእትዬ ዘር ነው። የፍየል ዱካ እየረገጠ ገብቶ ቆረጣቸው።

ፍሬውን ጓሮው ዘርቶ በባልዲ አጠጣ። ሦስት ዓመት አባዛው፤ አንዲት ፍሬ አልቀመሰም።

«ለእኛስ መቼ ነው?» አለችው ሚስቱ።

«እኛማ በልተናል።»

በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው፣ ጆንያውን ተሸክሞ ወደ እትዬ ቤት ሄደ።

«ቁጥቡ ሊመጸውት ነው! ዝናብ ሊጥል ነው በሉኛ!» አለ አንድ ሽንኩርት ጫኝ።

እትዬ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ።

«ዘርዎ ነው፣ እትዬ። ነቀዝ አልበላውም። እኔ ነኝ የበላሁት።»

አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሰበሩ። «አውቄ ነበር። ነቀዝ ቅል አጥቦ ሲመልስ አይቼ አላውቅም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

«ልጆቹ ጠገቡበት?»

«ዘጠኝ ቀን።»

እትዬ ከግድግዳው ላይ ቅሉን አወረዱ። ቁጥቡ ከጆንያው እየዘገነ እስከ አፉ ሞላው። የፈሰሰውን ተንበርክኮ አንድ በአንድ ለቀመ።