ሱፍ የለበሰው ሰውዬ

ጥቁር የሚባል ቀለም እኛ ስክሪን ላይ የለም። ይህን ለሰው ሳስረዳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የሚሰማኝ ግን የለም። አውራ ጎዳና ዳር የቆመውን ያን ትልቅ የማስታወቂያ ስክሪን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ፊቱ በሙሉ ጥቃቅን መብራት ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ እንደገና ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሦስቱ እኩል ሲበሩ ነጭ ይሆናሉ። ቀዩ ደምቆ አረንጓዴው ለስለስ ሲል ብርቱካናማ ይወጣል። ጥቁር ማለት ግን ምንም አልበራም ማለት ነው። የጥቁር መኪና ማስታወቂያ ይዞ ለሚመጣ ነጋዴ ሁሉ "ጌታዬ፣ የከፈልከው ለጠፋ መብራት ነው" ማለት ያምረኛል። ሥራዬ መጠገን ስለሆነ ዝም እላለሁ። ዝም ማለት በማይገባኝ ቀንም ዝም አልኩ፤ የምነግራችሁ ስለዚያ ቀን ነው።

ስሜ ትሕትና ነው። ከአባቴ ከበሪሁን ጋር ከኤርፖርቱ ብዙም በማትርቀው በብሉሚንግተን ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነበር የምንኖረው። አባዬ አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ ሠርቷል። መርሳት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። መጀመሪያ ቁልፍ ረሳ፣ ቀጥሎ ቀን፣ በመጨረሻ እኔን። ወንድሜ ቂርቆስ ይህ ነገር ከቤት እንዳይወጣ አዘዘ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚጠይቁንን ሁሉ "ጉልበቱን አሞት ነው" እያልን ሸኘናቸው። ቂርቆስ በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ እዚህ አገር ያመጣኝም እሱ ነው፤ ወንድም ጋሼ ነው የምለው።

ጥር ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሻወር ገባሁ። የቤቱን በር የቆለፍኩት መስሎኝ ነበር። ስወጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አባዬ የለም፤ የሥራ ጃኬቴም ከመስቀያው ላይ የለም። ጃኬቱ ብርቱካናማ ነው፣ ክንዱና ጀርባው ላይ የሚያንጸባርቅ ጭረት አለው። ከወፍራም ጫማዎቹ አንዱንም አልነካም፤ በነጠላ ጫማ ነው የወጣው። ውጭ አፍንጫ የሚያደርቅ ብርድ ነበር። ፀጉሬ እንደረጠበ ደረጃውን ወርጄ ሕንጻውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ፀጉሬ በረዶ ሆኖ ሲንኳኳ ነው ፖሊስ መጥራት ትዝ ያለኝ።

ፖሊሶቹ ፈጥነው መጡ። ምን እንደለበሰ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። የጣቢያው ካሜራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሰሜን የሚሄደው ባቡር ውስጥ ሲገባ አይቶታል። የት እንደወረደ ግን አልታወቀም። አንደኛው ፖሊስ በዚህ ብርድ በእሱ ዕድሜ ውጭ ብዙ ሰዓት መቆየት እንደማይቻል ረጋ ብሎ ነገረኝ። ረጋ ማለቱ ነው ቆሌዬን የገፈፈው።

እኔ የምሠራበት ድርጅት ሰው ሲጠፋ ፎቶውን በነጻ ያወጣል። ስክሪኖቹን ሁሉ ቢሮው ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር የሚመራው ፊራኦል ነው። ደወልኩለት።

"ፎቶ ቴክስት አድርጊልኝ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከተማው ሁሉ ያየዋል" አለኝ።

ስልኬ ውስጥ የእሑድ ዕለት ፎቶ ነበረ። አባዬ ያንኑ ጃኬት አንስቶ ለብሶ፣ ዚፑን እስከ አገጩ ዘግቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ይስቃል። ልልከው ስል ቂርቆስ ከሚኖርበት ከሜፕልዉድ ደረሰና ስልኩን ከእጄ ወሰደው።

"ይሄ ነው አባዬ?" አለኝ።

"ዛሬ ጠዋት ከዚህ ቤት የወጣው ይሄ ነው ወንድም ጋሼ።"

"ጥርስ የለውም እኮ ትሕትና። ሀበሻው ሁሉ ስክሪንሾት አድርጎ ሼር ሊያደርገው ነው። ልጆቹ የጣሉት ሽማግሌ ነው የሚሉት።"

"ይበሉ። አይተው እንዲያውቁት ነው የምንፈልገው።"

"አባዬን የሚያውቅ ሰው በክብሩ ነው የሚያውቀው" አለና ከራሱ ስልክ ሌላ ፎቶ አወጣ። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ጡረታ ሲወጣ ፎቶ ቤት የተነሳው ነው። ጥቁር ሱፍ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ቀይ ክራቫት፣ ከኋላው ጥቁር መጋረጃ። ፀጉሩ እንኳ ገና ጥቁር ነበር።

"ይሄ ስክሪን ላይ አይወጣም" አልኩት። "ጥቁር በጥቁር ነው፤ ሱፉም ፀጉሩም መጋረጃውም የጠፋ መብራት ነው የሚሆነው። ብርቱካናማውን ግን ከአንድ ማይል ያዩታል። እሱን እናውጣ።"

"አንቺ ብሩህ አድርጊው። ጆብሽ አይደል?"

"እሺ፣ ቢያንስ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሷል ብለን እንጻፍ።"

"የመንገድ ሠራተኛ ነው እንዲሉት?"

ፊራኦል ያዘጋጀውን "የማስታወስ ችግር አለበት" የሚለውንም አስወጣው። የቀረው ስምና ዕድሜ፣ ከሥር የኔ ስልክ ቁጥር። ደሜ ፈላ፤ ግን ቂርቆስ ስልኩን ሲሰጠኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ታላቄ ነው ብዬ ምላሴን ዋጥኩ። እውነቱን ልናገርና እኔም አፍሬ ነበር። ያን ባዶ ድድ የሥራ ባልደረቦቼ በአራት ሜትር ቁመት ሲያዩት በዓይነ ኅሊናዬ መጣብኝ። ሱፉን ላክሁት።

አራት ሰዓት ላይ አሥራ ሰባት ስክሪን ላይ ወጣ። ወዲያው ፊራኦል ደወለ። "ፎርት ስኔሊንግ ያለው ዳውን ነው፣ ሲግናል አይደርሰውም። እኔ ሌላ ሰው ልላክ፣ አንቺ ፈልጊ።"

በኤርፖርቱ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚያየው ስክሪን ነው፣ ባቡሩም አጠገቡ ያልፋል። ሌላ ሰው እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። "እኔ እሄዳለሁ" አልኩት። ቂርቆስ በየባቡር ጣቢያው እየወረደ እንዲፈልግ ተስማማንና ድራይቭ አድርጌ ሄድኩ። ልብሴን እንኳ በደንብ አልለበስኩም፤ ጃኬቴ አባዬ ላይ ነው።

ስክሪኑ ያረፈበት የብረት ምሰሶ ከሦስት ፎቅ ቤት ይረዝማል። ወገቤን በቀበቶ አስሬ ወጣሁ። ከኋላ በኩል በሩን ስከፍት ኤሌክትሪክ አለ፣ መብራቶቹ ጤነኛ ናቸው፤ ምስል ግን አይመጣም። ምስሉ ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ፋይበር ኦፕቲክ በሚባለው ቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ በብርሃን ነው። የክሩ ጫፍ ላይ የአቧራ ቅንጣት ካረፈ ብርሃኑ አያልፍም። ይሄኛው ጫፍ አመዳይ ይዞ ነበር። በጓንት አይጸዳም። ጓንቴን አውልቄ በጨርቅና በአልኮል ጠረግኩት፤ ገና ሳስገባው እስትንፋሴ አርፎበት እንደገና አመዳይ ያዘው። ትንፋሼን ይዤ ደገምኩት። የጣቶቼ ቆዳ ከብረቱ ጋር እየተጣበቀ ተላጠ። "እመቤቴ፣ ዛሬን ብቻ" እያልኩ ስድስት ጊዜ ሞከርኩ። በሰባተኛው ሳጥኑ ላይ አረንጓዴ መብራት በራ፣ ስክሪኑም ሙሉ ለሙሉ ተነሳ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ነበር። እዚያው ብረት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አባቴን ያገኘሁት ያህል ነው የተሰማኝ።

ቅርብ ሆኖ ስክሪን አይታይም፤ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ስለዚህ ወርጄ መንገዱ ዳር መኪናዬን አቁሜ በሩቅ ጠበቅሁ። የእግር ኳስ ማስታወቂያ አለፈ፣ የሀኪም ቤት አለፈ፣ የበርገር አለፈ። ከዚያ የአባዬ ተራ ደረሰ። ስምንት ሰከንድ ነው የሚቆየው። ነጭ ኮሌታ አየሁ፣ ቀይ ክራቫት አየሁ፣ ከላይ የግንባር ቁራጭ። ሌላው ጨለማ ነው። አባቴ የለም። በሰባ ማይል የሚበር ሾፌር ይቅርና እኔ ልጁ እንኳ አላወቅሁትም።

ለቂርቆስ ደወልኩ። "ፎቶው አይታይም። አሁን ልቀይረው ነው።"

"የቀረውን ክብሩን አታዋርጂበት" አለኝ። እሱም እያለቀሰ ነበር። "ፖሊስ ሄሊኮፕተር አውጥቷል፤ ያገኙታል። ትንሽ ጠብቂ።"

ጠበቅሁ። ለምን እንደጠበቅሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። የፎርት ስኔሊንግን መንገዶች በመኪና ዞርኩ፣ ጣቢያው ውስጥ ሰዎችን ጠየቅሁ፣ ሆስፒታሎች ደወልኩ። ያለፈ ያገደመውን ሁሉ "ሱፍ የለበሰ ሽማግሌ" ብዬ እንዳልጠይቅ ሱፍ አልለበሰም፤ "ብርቱካናማ ጃኬት" ስል ደግሞ አንድ የጣቢያው ጠባቂ ሳቀና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ አሳየኝ። በረዶ የሚጠርገው፣ ሻንጣ የሚጭነው፣ አውሮፕላን የሚመራው፣ የኤርፖርት ሠራተኛ ሁሉ ብርቱካናማ ነው የለበሰው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ አለች፣ ነፋሱ ተነሳ። ጣቶቼ መሪውን መያዝ አቃታቸው። ፊራኦል ጋ ደውዬ የእሑዱን ፎቶ ላክሁለት።

"ወንድምሽ እሺ አለ?"

"አላለም። ቀይረው።"

አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ፎርት ስኔሊንግ ያለው ስክሪን ላይ ያ ብርቱካናማ ቦግ ሲል በረዶው ሁሉ ቀላ። አባዬ በባዶ ድዱ ከተማው ላይ ሳቀ። ቆንጆ ነበር። ስለ ፎቶው ያፈርኩበት ሰዓት ሁሉ አንጀቴን ቅጥል አደረገው።

በስድስተኛው ደቂቃ ስልኬ ጮኸ።

"እህቴ፣ ኤዶሳ እባላለሁ፤ የኤርፖርት ታክሲ ነኝ" አለ ሰውየው። "እኚህን ሰውዬ አውቃቸዋለሁ። ቀን አብረን ነበርን። ከታክሲ መቆሚያው አጠገብ ያለው መጠለያ ውስጥ ነበሩ። አሁን ሮጬ ሄድኩ፣ የሉም። ቶሎ ነይ።"

መጠለያው ከጠገንኩት ስክሪን አራት መቶ ሜትር አይርቅም። ፖሊሶቹ ከኔ እኩል ደረሱ። ከመጠለያው ጀርባ የነጠላ ጫማ ዱካ በረዶው ላይ ይታይ ነበር፤ የፖሊሶቹ ውሻ ያን ተከትሎ አንድ አጥር ጥግ አገኘው። ቁጭ ብሎ ነበር፤ ጃኬቱ እስከ አገጩ ተዘግቷል። ልቡ እየመታ ነው አሉኝ። አምቡላንሱ ውስጥ እጁን ይዤ ገባሁ፤ አላየኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሐኪሟ ወጥታ ልቡ መቆሙንና መመለስ እንዳልቻሉ ነገረችን። አንድ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ አለች፤ ከዚያ የቂርቆስን ፊት አይታ ዓረፍተ ነገሩን ተወችው።

ኤዶሳ ታክሲውን አቁሞ ተከትሎን መጥቶ ኮሪደሩ ውስጥ ቆሟል። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዟል። ሲነግሩት ግድግዳው ላይ ተደገፈ።

"አባቴ ድረስ፣ ይቅር በሉኝ" አለ። "የኤርፖርት ሠራተኛ ናቸው ብዬ ነው። ለእረፍት ብሬክ የወጡ መሰለኝ። ጃኬቱን አይቼ።"

"ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አለ ቂርቆስ።

"ስድስት ሰዓት ገደማ። ያ ስክሪን ልክ እንደበራ። ተራ እየጠበቅሁ ነበር፤ መጠለያው ማሞቂያ አለው፣ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። አማርኛ ሲናገሩ ደስ አለኝ። ከፔርሙሴ ሻይ ቀዳሁላቸው። ከዚያ እስከ ሰባት ሰዓት አብረን ስክሪኑን ስናይ ነበር። ፓሴንጀር መጣና ሴንት ፖል ሄድኩ። ባልሄድ ኖሮ።"

"ስክሪኑን አይቷል?" አልኩት።

"አይተዋል እንጂ። ያ ሱፍ የለበሰው ሰውዬ በየደቂቃው ይመጣ ነበር። የሀበሻ ስም ስለሆነ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። 'በሪሁን የሚባል ሰው ጠፍቷል፣ ያውቁታል ወይ?' ብዬ እሳቸውን ጠየቅኋቸው።"

ቂርቆስ አንገቱን ቀና አደረገ። "ምን አለህ?"

ኤዶሳ ኮፍያውን ይበልጥ ጨመቀው። እኔን አየ፣ እሱን አየ።

"'አላውቀውም' አሉኝ። 'ልጆቹ ግን ተጨንቀው ይሆናል፣ በዚህ ብርድ' አሉ። ሻዩን ግማሽ ጠጥተው መለሱልኝ። ይጨርሱት ስላቸው እንቢ አሉ። 'ለሰውዬው አስቀምጥለት፤ ሲያገኙት በጣም በርዶት ነው የሚሆነው' አሉኝ።"