አባቴ ለመድረስ ትንሽ ቀርቶታል

ሁሉም ነገር የተበላሸው ግንቦት ሃያ ሁለት፣ ሐሙስ ነው። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ሐኪም ቤት እንድወስደው መጥቶ በግቢው በር ገባ። እስካሁን ቤቴ አልደረሰም።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። በምሠራበት ድርጅት ለአንድ የታክሲ መተግበሪያ ኮድ ጽፌ ነበር። በስልኩ ካርታ ላይ ያለችው መኪና ተሳፋሪው ጋ ስትቀርብ በድንገት እንዳትቆም፣ በእያንዳንዱ ቅጽበት ከቀራት ርቀት አንድ አሥረኛውን ብቻ ትሄዳለች። መጀመሪያ ትፈጥናለች፤ ርቀቱ ሲያንስ እርምጃዋም ያንሳል። ለዓይን ያምራል። ግን ከቀሪው ላይ አንድ አሥረኛ ሲነሳ ሁልጊዜ ሌላ ቀሪ አለ። ስለዚህ መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ የቀረው ርቀት በስልኩ ገጽ ላይ ካለች አንዲት ነጥብ ካነሰ መኪናዋን መድረሻው ላይ አስቀምጣት የሚል።

አለቃዬ ውብሸት በዚያ ሐሙስ ጠዋት መስመሩን አጠፋው። "ትርፍ ነው" አለ። ከዚያ ስሜን ፍቆ የራሱን ጻፈና ሥራውን ለደንበኞቹ አቀረበ። ተጨበጨበለት። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ነው የተማርነው፤ የሒሳብ የቤት ሥራውን ከእኔ ይገለብጥ ነበር። ተከራከርኩ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከሥራ ተሰናበትኩ።

አባቴ ግቢውን በፈጣን እርምጃ አጋመሰ። ከዚያ እየዘገየ መጣ። ሲመሽ ደረጃው ጋ ነበር። ክረምቱ ሲገባ በሩ ላይ ደረሰ፤ ማለቴ፣ ሊደርስ ትንሽ ቀረው።

"ግባ እንጂ አባዬ።"

"እየገባሁ አይደል እንዴ! አትጨቅጭቀኝ።"

ልሸከመው ሞከርኩ፤ እጄም ወደ እሱ ሲቀርብ ይዘገያል። በጣቶቻችን መካከል ወረቀት አያልፍም፤ ነፋስ ግን ያልፋል። ጎረቤቴ እትዬ ብርነሽም ሊደግፉት ሞክረው ስላልደረሱበት፣ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዘውለት ይቆማሉ።

"አቶ ደምሰው፣ የውሃ ወረፋ እንኳ ከእርስዎ ይፈጥናል!"

"ቦኖ ላይ ወሬ ይዘው ከሚውሉት ከእርስዎ ሳልሻል አልቀርም" ይላቸዋል። ይሳሳቃሉ።

ባለፈው ሳምንት ትንፋሹም እንደዚያው ሆነ። እያንዳንዱ ትንፋሽ ከፊተኛው በአንድ አሥረኛ ያንሳል። አያልቅም። ለውብሸት ደወልኩ።

"መስመሩን መልሰው። አባቴ መድረስ አልቻለም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም እዚያው ነህ? አባትህ የት ናቸው?"

"የቤቴ በር ላይ።"

"ታዲያ ደረሱ ማለት ነው። የቀረውን በዓይን ማን ያየዋል?"

"እኔ አየዋለሁ።"

ዘጋው። ከዚያ ወዲህ አያነሳም።

መስመሩ ከተመለሰ አባቴ ይደርሳል። ትንፋሹም በዚያው ቅጽበት ያልቃል። ይህን ሳልደብቅ ነገርኩት። ድምፁ በጣም አንሶ ስለነበር ጆሮዬን ወደ ከንፈሩ አስጠጋሁ፤ ጆሮዬም አልደረሰም። ቢሆንም ሰማሁት።

"ልግባ" አለኝ። "ደክሞኛል።"

አሁን ደጃፉ ላይ ፊት ለፊት ቆመናል። ጥላው ቀድሞት ገብቷል፤ ባነጠፍኩለት አልጋ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

ውብሸት፣ ስልኩን አንሳ። አባቴን ታስገባዋለህ ወይስ አታስገባውም? መልስ ስጠኝ።