የጃቢር ቢጫ ጀልባ

ጃቢር ታናሽ እህቴን ኑርሀንን ለትዳር ከጠየቀ በኋላ፣ መልሷን ከከተማ ወጣ ብለን ካልሰማሁ ብሎ ድርቅ አለ። «ኔቸር ያስፈልገናል» አለ። ሞያሌ ላይ ምንጣፍ እየሸጠ ያደገ ሰው! እኔ የዚያኑ ቀን ናቅኩት። እናታችን ግን ወዳዋለች፤ ብቻቸውን እንዳይሆኑ እኔን አስከትላ ላከችን።

ከቦሪ መንደር በላይ ኮረብታው ላይ ያለ ግድብ ወሰደን። የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው፤ እሱ ግን ሞምባሳ የደረሰ መስሎታል። በአፍ የሚነፋ ቢጫ ጀልባ አወጣ። ጉንጩን ወጥሮ ሲነፋ እያየሁ፣ እህቴ ይህን ፊት ጠዋት ጠዋት ልታየው ነው ብዬ አዘንኩላት። ከዚያ እንዳይሰምጥ የገዛውን ሰደርያ እስከ አንገቱ ቆልፎ ገባ። ለእሷ አልገዛላትም፤ እንዲያው ተከትላው ገባች፣ እኔ ዳር ቀረሁ።

ትንሽ እንደቀዘፉ የተጠሙ ላሞች መጡ። ከፊታቸው ሀላኬ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በእኛ አገር ውሃ ላይ ተራ የሚያስጠብቅ ሰው አለ፤ እሱ ከተናገረ ሀብታሙም ይታዘዛል። የዚህ ግድብ እሳቸው ናቸው። ላሞቹ ቢጫውን ነገር ሲያዩ ደንግጠው ዳር ቆሙ።

«ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ውጣ» አሉት ሀላኬ። «ተራው የላሞቹ ነው። ትናንትም ከትናንት ወዲያም አልጠጡም።»

«ምዜ፣ ንጎጃ ኪዶጎ!» አለ ጃቢር በስዋሂሊ፤ ሽማግሌው፣ ትንሽ ቆይ ማለቱ ነው። « ፎቶ እያነሳን ነው፤ አታይም እንዴ?»

አንተ አላቸው፣ አባቱ የሚሆኑትን ሰው! ይባስ ብሎ ሊለምኑት የመጡ ይመስል አንድ ጠርሙስ ሶዳ ወረወረላቸው። አላነሱትም። እኔ በእሱ ፈንታ አፈርኩ።

ኑርሀን ድንገት ከጀልባው ወረደች። ጃቢር «ትሰምጫለሽ!» ብሎ ጮኸ፤ እጁን ግን አልዘረጋላትም፣ በሁለቱም ጀልባውን ጨብጦ ነበር። ውሃው ከጉልበቷ አላለፈም።

ወደ ዳር ወጥታ ሽማግሌውን «አባቴ፣ ይቅር ይበሉን» አለቻቸው። ከዚያ የጀልባውን ገመድ ይዛ፣ ጃቢርን እንደተቀመጠ ወደ ጥግ ጎትታ ገመዱን ቁጥቋጦ ላይ አሰረችው። ላሞቹም ገቡ። ዙሪያውን ከበው ሲጠጡ፣ ቀንዳቸውን ፈርቶ መውረድ አቃተው።

«ኑርሀን! መልስሽስ?» አለ።

ዞራም አላየችው። ጫማዋን አንስታ፣ «ካልቶማ፣ ላሞቹ ጠጥተው ሲጨርሱ አይሆንም በዪልኝ» አለችኝና ወደ መንገዱ ሄደች።

ላሞቹ ብዙ ነበሩ። እኔም አልቸኮልኩም።